ለሰው ፊት ማድላት

ዳኛ ሊጠነቀቅበት ከሚገባው ነገር ሁሉ የመጀመሪያው ለሰው ፊት ማድላት ነው። ሕገ ኦሪትም ሕገ ወንጌልም ይህን ይከለክላሉ። አባቶችም ለፍርድ የሚቀመጥ ሰው ፊትን ሳይሆን ነገርን እንዲመለከት ሲመክሩ ኖረዋል። ነገር ግን ምክሩ ለዳኛ ብቻ የተሰጠ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ዛሬ ከእራት በኋላ በቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ቤተ ሰብ ሁሉ ሸንጎ ሆኗልና። ነፍሰ ገዳዩም፥ ሌባውም፥ ከዳተኛውም በየተራ በፊቱ ይቆማሉ፤ ተመልካቹም በልቡ ለአንዱ ይፈርዳል፥ በአንዱ ላይ ይፈርዳል። ብዙ ጊዜም የተከሳሹ ፊት ተመልካቹ አስቀድሞ የሚወደው የተዋናይ ፊት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በየማታው በተወደደ ፊት ላይ ሲፈርድ ያመሸ ልብ፥ ሲነጋ በማይወደው ፊት ላይ እንዴት ያለ ፍርድ ይፈርዳል?

ሲኒማ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሕዝቡ በፍርሃት ተቀበለው። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ፍጻሜ አካባቢ በአዲስ አበባ የተከፈተው የሥዕል ማሳያ ቤት «የሰይጣን ቤት» ተብሎ ነበር። ዛሬ ይህ ስም ያስቃል። ሆኖም በዚያ ስም ውስጥ አንድ ቁም ነገር ነበረ፤ ወደዚያ ቤት የሚሄድ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ከደጁ ወጥቶ፥ በመንገድ ታይቶ፥ ገንዘብ ከፍሎ ይገባል፤ ሲወጣም ዓይኑን አሽቶ ወደ ራሱ ኑሮ ይመለሳል። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር ግን ሥዕሉ ራሱ ሰውን ፍለጋ ተነሣ። መጀመሪያ ወደ ጥቂቶች ቤት፥ ከዚያ በካሴት ወደ ብዙዎች፥ ኋላም በሳተላይትና በእጅ ስልክ ወደ መኝታ ቤት ድረስ ዘለቀ። በደጅ የነበረው እንግዳ ቤተኛ ሆነ። ቤተኛ የሆነውንም ማን ደግሞ ይጠይቀዋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋማ ከተማ ናት። በክረምት በጊዜ ይበርዳል፤ ሰውም በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል። ቡናው ይፈላል፥ ቆጮው ይቀርባል፥ ልጆች ከእናታቸው አጠገብ ይጠጋሉ። ይህ ሰዓት ቀድሞ የአያቶች የተረት ሰዓት ነበር። አሁን በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ በብዙ ቤት የተውኔት ሰዓት ሆኗል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥራውን ጀምሮ የባሕር ማዶ ተውኔቶችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ በያዘ ጊዜ፥ «ጥቁር ፍቅር» የተባለው የቱርክ ታሪክ በመላ አገሪቱ ስንቱን ቤት እንደ ያዘ የሚያስታውሰው ሰው ብዙ ነው። ወይዛዝርቱም ወጣቶቹም ኦመር የተባለውን ፖሊስ እንደ ወንድም ወደዱት። ፊቱ የኤንጊን አክዩሬክ፥ ድምፁ ግን የአገር ልጅ ድምፅ ነበር። በአንድ ሰው ፊት ሁለት ሰዎች ሲተውኑ፥ ከሁለቱም አንዳቸው ተመልካቹን አያውቁትም፤ ተመልካቹ ግን ዘመዶቹ አደረጋቸው።

የታሪኩ አነሣሥ እንዲህ ነው። የኦመር እጮኛ በኢስታንቡል ከአንድ ባለጠጋ ነጋዴ ጋራ ተገድላ ትገኛለች። ኦመርም የሟቹን ነጋዴ ልጅ ኤሊፍን ተገናኝቶ ሁለቱ ገዳዩን በአንድነት ይፈልጋሉ፤ በፍለጋውም መካከል ይዋደዳሉ። ፍለጋው ረዝሞ፥ ብዙ ሰው ተጠርጥሮ፥ በመጨረሻ እጁ በደም የተነከረው ሰው የገዛ ታላቅ ወንድሙ፥ እርሱም ፖሊስ የሆነው፥ ከቤተ ሰቡ ጋራ በአንድ ማዕድ የሚቀርበው ሰው ሆኖ ይገኛል። ይህ የደራሲ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ እውነትም አለበት። በደል ከሩቅ አገር አይመጣም፤ አብሮ የሚበላ፥ ልጆቹን የሚስም፥ ለጎረቤት ደግ የሆነ ሰውም በደለኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ትምህርት ለወሰደ ሰው ማምሸቱ በከንቱ አልነበረም።

ነገር ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ ሌላ ነገር ደግሞ ተፈጽሟል፤ አብዛኛው ተመልካች ሳያስተውለው አልፏል። ገና በመጀመሪያው ማታ የተገደለችው ወጣት ሴት ከልብ ወጥታ ተረሳች። ተመልካቹ ፊቷን ሊወደው ጊዜ አላገኘም። ሟች ፊት የለውምና እንባ አላገኘም፤ እንባው ሁሉ ዘወትር ለሚታየው፥ ለመልከ መልካሙ፥ ለሚወደደው ሆነ። በሌላ ታሪክ ደግሞ ተወዳጁ ተዋናይ ራሱ ወንበዴ ሆኖ ሲመጣ፥ ተመልካቹ ከፖሊስ እንዲያመልጥ ይመኛል፤ ቅጥር ዘሎ ሲያመልጥም ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል። የተዘረፈው ሰው ማን እንደ ነበረ የሚጠይቅ የለም። ለሰው ፊት ማድላት ይህ አይደለምን?

በዚህ ነገር የጥንት መምህራን ዝም አላሉም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ399 በቍስጥንጥንያ፥ ቤተ ክርስቲያንን ትቶ ወደ ፈረስ እሽቅድምድምና ወደ ተውኔት ቤት የጎረፈውን ሕዝብ በብርቱ ቃል ገሥጿል። አውግስጢኖስ ግን ከዚህ ጠለቅ ያለ ነገር ጠየቀ። በወጣትነቱ በካርታጎ ከተማ በተውኔት ቤት ተቀምጦ ስለ ሐሰተኛ ሐዘን ያለቅስ እንደ ነበረ ራሱ በኑዛዜው ጽፏል። ያስጨነቀውም ማልቀሱ አይደለም፤ የሚያለቅስለትን ሰው እንዲረዳ የሚጠራው አለመኖሩ፥ ልቅሶውም ራሱ ደስታ መሆኑ ነው። ርኅራኄ ለእጅ ካልደረሰ፥ በዓይን ጀምሮ በዓይን ካለቀ፥ ስሙ ርኅራኄ ነውን? አውግስጢኖስ ይህን የጠየቀው የዛሬ 1,600 ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ጥያቄው ግን ዛሬ በየሳሎኑ ተቀምጧል።

ለተውኔት የሚከራከር ሰው ደግሞ ጠንካራ ምስክር አለው፤ እርሱም ነቢዩ ናታን ነው። ናታን ወደ ዳዊት በገባ ጊዜ ሕግ አልጠቀሰም፤ ታሪክ ተረከ። አንድ በግ ብቻ ስላለው ድኻና ብዙ መንጋ ስላለው ባለጠጋ ነገረው። ንጉሡም በታሪኩ ተቈጥቶ በባለጠጋው ላይ የሞት ፍርድ ፈረደ። ያን ጊዜ ነቢዩ ያ በደለኛ ራሱ ንጉሡ መሆኑን ገለጠለት። ስለዚህ ተረትና ተውኔት የልብን በር የሚከፍቱ ቍልፎች ናቸው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ዳሩ ግን ሁለት ነገር ይስተዋል። አንደኛ፥ ናታን ለባለጠጋው ፊት አልሳለለትም። ዳዊት ያን ሰው የሚወድበትም የሚጠላበትም ምክንያት ስላልነበረው በቅን ፈረደ። ያ ባለጠጋ ንጉሡ የሚወደው የጦር አለቃው ፊት ቢኖረው ኖሮ፥ ፍርዱ ባልጨከነ ነበር። ሁለተኛ፥ ታሪኩ ሲያልቅ ናታን አልወጣም፤ ቆሞ ጠየቀ። በቤት የሚታየው ታሪክ ግን ሲያልቅ የሚጠይቅ ነቢይ የለውም፤ የሚከተለው የሚቀጥለው ክፍል ማስታወቂያ ነው።

የአገራችን የፍርድ ልማድ ከፊት ማድላት የሚያድን አንድ ብልሃት ነበረው። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድነት ታስረው፥ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በመንገድ አብረው ይደክማሉ፥ አብረው ይራባሉ፥ ሌሊትም አብረው ያድራሉ። ከሳሽ የጠላቱን ፊት፥ ጠላትም የከሳሹን ፊት ሳይወድ በግድ ያያል። ሞገስ ታፈሰ ያዘጋጀውና በአውሮፓ አቈጣጠር በ2019 የቀረበው «ቁራኛዬ» የተባለው ፊልም ይህን ልማድ መሠረት ያደረገ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ተመልካችን ለአንድ ፊት ብቻ እንዲያደላ አይተወውም፤ የበደለውንና የተበደለውን በአንድ ሰንሰለት አስሮ ያሳየዋልና።

የሐዲያና የከምባታ ሽማግሎችም ነገሩን በሌላ መንገድ ያውቁታል። ሴራ የሚለው ቃል በአማርኛ የተንኮል ምክር ነው፤ የተውኔት ሰዎችም የታሪክን አካሄድና ቋጠሮ ሴራ ይሉታል። በሐዲያና በከምባታ ልሳን ግን ሴራ ማኅበሩ የሚተዳደርበት ሕግና ሥርዓት ነው። የፊልሙ ሴራ በደለኛው ሲያዝ ያልቃል፤ የሽማግሎቹ ሴራ ያን ጊዜ ይጀምራል። የገዳይ ወገንና የሟች ወገን ይጠራሉ፥ ካሣው ይነገራል፥ ዕርቁ ይፈለጋል፤ ነገ በአንድ ገበያና በአንድ ምንጭ የሚገናኙ ሰዎች ናቸውና። በፊልሙ ውስጥ ተረስታ የቀረችው የሟች እናት በዚህ ሸንጎ ቦታ አላት።

አሁን በሆሳዕና አንድ የተማረ ሰው ቤት ይታሰብ። ማታ ነው፤ ቤተ ሰቡ የሚወደው ተዋናይ ሌባ ሆኖ ተጫውቶ ከአሳዳጆቹ ሊያመልጥ ቅጥሩ ሥር ደርሷል። በዚያች ደቂቃ በሩ ተንኳኳ። አንዲት አሮጊት ጎረቤት ገቡ፤ ልጃቸው በስርቆት ታስሮባቸዋል፥ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ይፈልጋሉ።

«እናቴ፥ ትንሽ ይታገሡን፤ ሊያልቅ ነው» አላቸው ባለቤቱ።

እርሳቸውም ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሌባ ቅጥሩን ዘለለ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ፥ እናታቸውም እፎይ አለች። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ባለቤቱ ወረቀት አንሥቶ ድምፁን አጠንክሮ ጠየቀ።

«ልጅዎ በእርግጥ ሰርቋል ወይስ አልሰረቀም?»

«ሰርቋል ልጄ» አሉ አሮጊቲቱ። «ቢሰርቅም ግን እናት አለው።»

ያ ሰው ክፉ አይደለም። ማመልከቻውንም ይጽፋል። ነገር ግን ለአንዱ ሌባ ሳይጠየቅ የሰጠውን ምሕረት ለሌላው ሌባ በጥያቄ መዘነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የበደሉ ክብደት አይደለም፥ ፊቱ ነው። የአንዱን ፊት አንድ ሙሉ ማታ አይቶታል፤ የሌላውን ግን ለማየት ወኅኒ ቤት ድረስ መሄድን ይጠይቃል።

እንዲህ ሲባል የተዋናይ ፍቅር ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። አቶ ፈቃዱ ተክለ ማርያም በመድረክ፥ በራዲዮና በሥዕል ብዙ ዘመን ሕዝብን ያገለገሉ ተዋናይ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም በተያዙ ጊዜ፥ ድምፃቸውን በቤቱ ሲሰማ የኖረው ሕዝብ ለሕክምናቸው ገንዘብ አዋጣ፤ በሐምሌ ወር ሲያርፉም እንደ ዘመድ አለቀሰላቸው። በዚህ ጊዜ ርኅራኄ ከዓይን አልፎ ለእጅ ደረሰ፤ የሚመሰገን ነገር ነው። የሚቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በዚያው ሕመም የተጨነቁ፥ ፊታቸውን ማንም የማያውቀው ድኾች በየሆስፒታሉ ነበሩና። በተወደደው ፊት የተማሩትን ደግነት ወደማይታወቀው ፊት ማሻገር፥ የተውኔት ጥቅም የሚለካው በዚህ ነው።

ስለዚህ ካህኑም ምእመኑን ሲመክር ቴሌቪዥኑን ስበር ቢለው የሚሰማው አያገኝም፤ ቢሰማውም ልቡ አይድንም፤ ለፊት ማድላት ከሥዕሉ በፊትም ነበረና። የሚሻለው የናታንን ሥራ ለቤቱ አባትና እናት ማስተማር ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ወዲያው አይነሡ። ልጆቹን ይጠይቋቸው፤ የተገደለው ማን ነበር? እናቱ ምን ሆነች? ይህ ሰው መልኩ የማያምር፥ ስሙ የማይታወቅ ቢሆን ኖሮ እንዲያመልጥ ትመኙለት ነበርን? ይህን ለመጠየቅ ከሩብ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም። ልጆቹ ሲመልሱም የአባትና የእናት ልብ አብሮ ይመረመራል።

ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ከተማ የዛሬ ስሟን ከበዓለ ሆሳዕና አግኝታለች። የዚያ በዓል ታሪክ የተመልካችም ታሪክ ነው። በእሑድ ዘንባባ ይዞ በመንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ የወደደው የንጉሥን ፊት ነበር። በዓርብ ያ ፊት በደም ተሸፍኖ፥ ውበትና ግርማ ተለይቶት በታየ ጊዜ፥ ብዙዎች ሸሹ፥ ብዙዎችም በእርሱ ላይ ጮኹ። ለፊት ያደላ ፍቅር ከእሑድ እስከ ዓርብ እንኳ አልቆየም። ጥቂት ሴቶችና አንድ ደቀ መዝሙር ግን ከመስቀሉ ሥር አልተለዩም።