ድንጋዩን ማን ይሸከም?

ልጅ ያስታርቃል ይባላል። እውነት ነው? ወይስ እኛ ትልልቆቹ ለራሳችን ያበጀነው ሰበብ ነው?

በዳንግላና በአካባቢው የሚኖረው አዊ ራሱን «ሰባቱ ቤት አገው» ይላል፤ ትውልዱን ከሰባት ወንድማማቾች ይቆጥራል። የሩቅ አያቱን የማይረሳ ሕዝብ ነው። ግን እዚያው በመሬት ወይም ያለ ፈቃድ በተፈጸመ ጋብቻ ሰበብ ከወላጅ አባቱ ጋር ዓመታት ሳይነጋገር የሚኖር አይጠፋም። ገበያ ላይ ሲገጣጠሙ አንዱ መንገድ ይቀይራል። ባሕር ዳር ገብቶ የቀረም አለ፤ መንገዱ እኮ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው!

ከዚያ ልጅ ይወለዳል። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ሽማግሌ ሲለምነው እምቢ ያለው አያት ጋቢውን ደርቦ ከተፍ! «ለሕፃኑ ብዬ ነው» ይላል። ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ ጓደኞቼ። በደልሁም ተበደልሁም አላለ። ሕፃኑን አቅፎ ይስማል፤ የሕፃኑን አባት ግን ቀና ብሎ አላየውም።

እኔ ይህን ዕርቅ አልለውም። በአገራችን የሽማግሌ ዕርቅ በደል ይነገራል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ይወድቃል። እዚህ ግን ድንጋዩን ያሸከምነው የአርባ ቀን ሕፃን ነው። ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ መያዝን ያወግዛል፤ ሕፃን ደግሞ እምቢ የሚልበት አፍ እንኳ የለውም። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ቤት «ታረቀኝ» ብሎ ስም ያወጣለታል። ዕድሜ ልኩን በተጠራ ቁጥር የማያውቀው ጠብ አብሮ ይጠራል።

«ፍልስፍናህን ተወው፤ ሰውዬው መጣ አይደለም?» የሚለኝ ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው። ኩራት በር ይፈልጋል፤ ተሸነፈ ሳይባል የሚገባበት በር። ሕፃኑ ያንን በር ከፍቷል፤ ይህን አልክድም። ከበሩ ገብቶ አፍ አውጥቶ መነጋገር ግን የአባትና የልጅ ሥራ ነው፤ እሱንም በማግስቱ፣ ጠላው ሳያልቅ።

ያ ሕፃን ነገ ትምህርት ቤት ሊመዘገብ ሲሄድ ስሙን እስከ አያት ይጠየቃል። የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠራል። ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ «አባባ ለምን እኛ ቤት አይመጣም?» ቢል፣ ማን ነው የሚመልስለት?