ምጽዋትና ፍትሕ

በጎንደር ፒያሳ ስንመላለስ ለነዳያን ሳንቲም መስጠት ልማዳችን ነው፤ መልካምም ልማድ ነው። ነገር ግን ምጽዋት የፍትሕን ዕዳ ይከፍላልን?

ከከተማው በስተ ሰሜን፥ በደባርቅ መንገድ፥ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። ቤተ እስራኤላውያን ሸክላ ሲሠሩ፥ ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩባት ናት። አባቶቻችን እነርሱ በሠሩት ማረሻ አርሰው፥ እነርሱ በሠሩት ድስት ቀቅለው እየበሉ፥ ሠሪውን «ቡዳ» ብለው ከማዕድ አራቁት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ ቢያውጁም ስድቡ ከአፍ አልጠፋም። ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ፤ የእኛ ዕዳ ግን አብሮ አልሄደም።

ከዚያ ወዲህ በዚያችው መንደር ችግረኞች ሴቶች ሸክላና ሽመና የሚማሩበት የበጎ አድራጎት ማሠልጠኛ ተቋቋመ። እንዲህ ያለውን ሥራ መርዳት ከዕለት ምጽዋት ይበልጣል፤ ምጽዋት ረኀብን ያስታግሣል፥ ሙያ ግን ተቀባዩን ሰጪ ያደርገዋል።

ይሁን እንጂ ገንዘባችንን ሰጥተን ንቀታችንን ብናስቀር ስጦታችን ጎደሎ ነው። እንግዲህ ጀበናውን ስንገዛ፥ የሠሪዋን ልጅ ለልጃችን እናጭ እንደ ሆነ ልባችንን እንጠይቅ። እሺ ካላለ ገና አልሰጠንም።