አጥሩ ከማን ይጠብቃል?

«ዘ ዎኪንግ ዴድ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ከ2010 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በ11 ምዕራፎችና በ177 ክፍሎች ታይቷል። የሞተ ሰው ተነሥቶ የሚራመድበት፣ ሕያው ያገኘ እንደሆነ የሚነክስበት ዓለም ነው። ተመልካቹ ይህን ሁሉ ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀበላል። ሬሳ ሲራመድ «እሺ፣ ይሁን» ይላል። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ሪክ ግራይምስና አብረውት የተንከራተቱት ሰዎች ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ካለው የአሌክሳንድሪያ ሰፈር ደጃፍ ሲደርሱ ግን ያው ተመልካች «ኧረ ይሄስ አይታመንም!» ብሎ ይነሣል። ለምን? በአጥሩ ውስጥ የግቢ ሣር ተስተካክሎ ይታጨዳል። መብራት አለ። ሙቅ ውሃ አለ። ጎረቤት ለጎረቤት ብስኩት ይጋግራል።

እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ሙታን መራመዳቸውን ያለ ማስረጃ ያመንን ሰዎች፣ ሰው ለሰው ደግ ሆኖ መኖሩን ማመን ለምን አቃተን?

እስቲ መጀመሪያ ስሌቱን እንሥራ፤ ስሌት አያዳላም። መብራቱ ከፀሐይ ኃይል ነው፤ ይሄ ችግር የለውም። የፀሐይ ሰሌዳ እያደር ጉልበቱ ይቀንሳል እንጂ ከሃያ ዓመት በላይ ይሠራል፤ ቀድሞ የሚደክመው ባትሪው ነው። አጥሩም ቢሆን ምክንያት ተሰጥቶታል። የመሪዋ የዲያና ሞንሮ ባል ሬጅ የሥነ ሕንፃ ፕሮፌሰር ነበር፤ አቅራቢያው ይሠራ ከነበረ የገበያ ማዕከል ብረት አምጥቶ አቁሞታል። ቤንዚኑ ግን አያስኬድም። ቤንዚን ተቀምጦ ይበላሻል፤ ከዓመት በላይ የቆየ ቤንዚን ሞተር ለማስነሣት አያስተማምንም። ድራማው ውስጥ መኪናው ለዓመታት ይነዳል።

ከሁሉም የከፋው ምግቡ ነው። ነዋሪው ሃምሳ ሰው ነው እንበል። አንድ አዋቂ በቀን ወደ 2,000 ካሎሪ ይፈልጋል፤ ለሃምሳው 100,000 መሆኑ ነው። ከአንድ ኪሎ እህል 3,500 ካሎሪ ገደማ ይገኛል። ስለዚህ በቀን 29 ኪሎ፣ በዓመት ደግሞ ከ100 ኩንታል በላይ እህል ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ እህል የት ተዘርቶ፣ የት ታጭዶ፣ የት ተወቅቶ ነው? ሪክ ሲደርስ አጥሩ ውስጥ ያየው ሣር እንጂ ማሳ አይደለም። የሚበላው ከአሮጌው ዓለም የተረፈ፣ ከየመደብሩ እየተለቀመ የመጣ የታሸገ ምግብ ነው። ሰፈሩ የሚኖረው ከሟቾቹ ጓዳ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የማይታመነው ነገር ቤንዚኑና ቀለቡ ነው፤ ደግነቱ አይደለም። ደግነቱን የማናምነው ግን ስሌት ሠርተን ሳይሆን ተነግሮን ስላደግን ይመስለኛል። ቶማስ ሆብስ በ1651 ባሳተመው «ሌዋታን» ሁሉን የሚገዛ ኃይል ከሌለ ሰው ሁሉ በሰው ሁሉ ላይ ይዘምታል ብሎ ነበር፤ የዞምቢ ፊልም ከሞላ ጎደል የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው። ሬቤካ ሶልኒት የተባለችው አሜሪካዊት ጸሐፊ ግን በ2009 ባወጣችው መጽሐፍ ከ1906ቱ የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥ ጀምሮ ብዙ አደጋዎችን መርምራ ተቃራኒውን አሳይታለች። አብዛኛው ሰው በአደጋ ቀን ጎረቤቱን ሲያወጣ፣ ሲያበላ፣ ሲያስጠጋ ነው የተገኘው። ብዙውን ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው ሕዝቡ አውሬ ሆኗል ብሎ የደነገጠው ባለሥልጣንና ባለመሣሪያ ነው።

ለዚህ የ2005ቱን የካትሪና አውሎ ነፋስ ማስታወስ ይበቃል። ኒው ኦርሊንስ በጎርፍ ከተዋጠች በኋላ ነዋሪዎች በእግራቸው ድልድይ ተሻግረው ወንዙ ማዶ ወዳለችው ወደ ግሬትና ሊያመልጡ ሞከሩ። የግሬትና ፖሊሶች ድልድዩን ዘጉት፤ ወደ ሰማይ ተኩሰው መለሷቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳንዚገር በተባለው ሌላ ድልድይ ላይ የኒው ኦርሊንስ ፖሊሶች መሣሪያ ባልያዙ ሰዎች ላይ ተኩሰው ሁለት ሰው ገደሉ፤ አራት አቆሰሉ። እነዚህ ሰዎች ዞምቢ አልነበሩም። ውሃ የጠማቸው፣ ዘመድ የጠፋባቸው ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ አሌክሳንድሪያ ደጅዋን መክፈቷ፣ እንዲያውም አሮን የሚባለውን ሰው ወደ ውጭ ልካ ጥሩ ሰዎችን ማስፈለጓ፣ ለእኔ የዋህነት አይደለም። ሰው ካልጨመረች አጥሩን የሚጠብቅ፣ ማሳውን የሚያርስ ከየት ይመጣል? የእኔ ጥርጣሬ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ጥያቄዬ «እንዲህ ያለ ሰላም ይኖራል ወይ?» ሳይሆን «ይህን ሰላም ማን እየከፈለበት ነው?» የሚል ነው። ድራማውም፣ ጸሐፊዎቹ አስበውበት ይሁን ሳያስቡ፣ ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልስ ይሰጣል።

የመጀመሪያው መልስ ዕድል ነው። ስድስተኛው ምዕራፍ ሲጀምር ሪክ ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ አንድ የድንጋይ ካባ ያገኛል። መውጫው በጭነት መኪኖች ተዘግቷል፤ ውስጡ ሙታን እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። በዚያ የሚያልፉት እየገቡ ሲጠመዱ፣ ድምፃቸው ሌሎችን እየጠራ፣ አሌክሳንድሪያን ከመንጋው ሲጠብቃት የኖረው ይህ ጉድጓድ ነበር። ነዋሪዎቹ አጥራችን ጠንክሮ፣ እኛም በርትተን ነው ሲሉ፣ የዳኑት በማያውቁት ጉድጓድ ነው። በዚህ ጥፋተኛ አይባሉም። ዕድለኛ መሆን ኃጢአት አይደለም። ግን ዕድልን እንደ ብቃት መቁጠር ሰውን ያበላሻል፤ ደጅ ላይ ቆሞ የሚለምነውን «አንተም እንደኛ ብትሠራ ኖሮ» ያሰኛል።

ሁለተኛው ዝምታ ነው። የሰፈሩ ሐኪም ፒት ሚስቱን ጄሲን ይደበድባል። ዲያና ይህን ታውቃለች። አውቃ ዝም ያለችው ሰውዬው ቀዶ ሐኪም ስለሆነ ነው፤ ሌላ የለም። አንድ ቀን ልጅ ይታመማል፣ አንድ ሰው ይቆስላል፤ ያኔ ማን ሊያክም ነው? ሪክ ባልና ሚስቱ ይለያዩ፣ እምቢ ካለ ይገደል ሲላት «እዚህ ሰው አንገድልም» ባይ ናት። መርሕዋ ያምራል። ይሁንና የመርሕዋን ዋጋ የምትከፍለው እሷ አይደለችም፤ ጄሲ ናት፤ በየማታው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አማርኛችን «ገመና» የሚል ቃል አለው። ቃሉ ሲጠራ ራሱ መሸፈንን ያዝዛል፤ ገመና ይሸፈናል እንጂ አይገለጥም። በባልና ሚስት መሃል አይገባም እየተባልን ያደግን ሰዎች ዲያናን ለመረዳት ዞምቢ አያስፈልገንም። አንድ ሰፈር እንዲህ ጸጥ ብሎ ሊኖር መቻሉን በሚገባ እናውቃለን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም በየቤቱ ይገባል። ስለዚህ አሌክሳንድሪያን እውነተኛ ሰፈር የሚያስመስላት ለእኔ ብስኩቱና ሣሩ አይደለም። ይህች የተሸፈነች ገመና ናት።

ሪክ ትክክል ነበር እያልኩ አይደለም። አንድን ሰው እንዲገደል በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠይቅ እንግዳ ያስፈራል፤ ሊያስፈራም ይገባል። ግን «እንግደለው» እና «እንተወው» መሃል ሰፊ ሜዳ ነበር። ሴቲቱን ከነልጆቿ ሌላ ቤት ማስገባት፣ ሰውዬውን በሰው ፊት ማቆም፣ እያከመ እየተጠበቀ እንዲኖር ማድረግ ይቻል ነበር። ዲያና ይህን ሜዳ ያልገባችበት መንገድ ስለጠፋ ሳይሆን፣ ከገባች ሰፈሯ እንደምታስበው ደህና አለመሆኑን በአደባባይ ማመን ስለሚኖርባት ነው። መጨረሻው ይታወቃል፤ ፒት ሰይፍ ይዞ መጥቶ ሊያረጋጋው የቀረበውን ሬጅን ይገድላል። አጥሩን ያቆመው ሰው ከአጥሩ ውስጥ በመጣ እጅ ሞተ። ያኔ ዲያና ራሷ ሪክን «ግደለው» ትለዋለች። ገመናው የእሷ ቤት እስኪደርስ መርሕ ነበር።

ሦስተኛው መልስ ከስሌታችን ይወለዳል። ያ ከ100 ኩንታል በላይ የምንለው እህል ቀን ጠብቆ ይመጣል። ዲያና ከሞተች በኋላ ምግብ ሲያልቅ፣ አሌክሳንድሪያዎች ሂልቶፕ ከተባለ ሌላ ሰፈር ጋር ይዋዋላሉ፤ እናንተን የሚያስገብሯችሁን ሰዎች እንገድልላችኋለን፣ እናንተም ካላችሁ ግማሹን ስጡን። ሄደውም ሰዎቹን ተኝተው ሳሉ ገደሏቸው። የሚያስገብሩት ሰዎች ጨካኞች መሆናቸው እውነት ነው። ቢሆንም ሪክና ሰዎቹ ወደዚያ የሄዱት ቂም ኖሯቸው ሳይሆን ቀለብ ጎድሏቸው ነው። በክፍያ የተገደለ ሰው ዳቦ ሆኖ ወደ ሰፈሩ ገባ፤ ልጆቹም በሉ።

ሦስቱን አንድ ላይ ሳስቀምጣቸው ክብደታቸው እኩል አይደለም። በዕድል መዳን ትሕትናን ያስከፍላል እንጂ አያስወቅስም። በዝምታ መዳን ያስወቅሳል፤ ያውም ያወቀውን ሁሉ፣ መሪዋን ብቻ አይደለም። ደም ሸጦ መብላት ደግሞ ምርጫ ነው፣ ስሙም በስሙ መጠራት አለበት። የሚያስቸግረው ሦስቱም ከውስጥ ሲታዩ አንድ ዓይነት መምሰላቸው ነው፤ መብራቱ በርቷል፣ ልጆቹ ይጫወታሉ፣ ሣሩ ታጭዷል። ከረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ሰላሙ ከየትኛው እንደመጣ በማየት ብቻ አይለየውም። መጠየቅ አለበት።

አሌክሳንድሪያ መጠየቅ ታውቅ ነበር እኮ። ዲያና አዲስ የመጣውን ሁሉ ካሜራ ፊት እያስቀመጠች ማን እንደሆነ፣ ውጭ ምን እንዳደረገ ትጠይቃለች። ጥሩ ልማድ ነው። ካሜራው ግን ሁልጊዜ የሚዞረው ከውጭ ወደመጣው ነው። ጄሲን ያ ወንበር ላይ አስቀምጦ «አንቺስ፣ እዚህ ደህና ነሽ ወይ?» ያላት የለም። ይህ ሰፈር ሊታመን ይችላል ወይ ብላችሁ ለምትከራከሩ፣ የእኔ መመዘኛ ይህ ነው። እህሉ ይቆጠር፣ ባትሪው ይቆጠር፣ አጥሩም ይለካ። ከዚያ በኋላ ግን ከውስጥ ያለችውን፣ ድምፅዋ የማይሰማውን አንዲት ሴት ጠይቋት። እሷ ደህና ካልሆነች ሰፈሩ ለሌሎቹ የተመቸ ቦታ ነው እንጂ ደህና ቦታ አይደለም።