ሚና ከምን ይሠራል? በደቅ ደሴት ላይ የሚመሠረት ጨዋታን ስለ መሥራት የቀረበ ሐተታ

የሚና ጨዋታ የሚባለው ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ወክሎ፣ በዚያ ሰው ስም እየወሰነና የውሳኔውን ውጤት እየተቀበለ፣ ታሪኩን የሚያራምድበት የጨዋታ ዓይነት ነው። ዘውጉ በታተመ መልኩ የተጀመረው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 «ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተሰኘውን የጠረጴዛ ጨዋታ ባወጡ ጊዜ ሲሆን፣ ዋናው ለውጥም በቀደሙት የጦርነት ጨዋታዎች ሠራዊት ይይዝ የነበረው ተጫዋች አንድን ሰው ብቻ እንዲይዝ መደረጉ ነበር። የዚያ ሰው ጉልበትና ጥበብ በቁጥር ይጻፋል፤ ድርጊቱ መሳካት አለመሳካቱ ዳይስ በተባለው ባለ ብዙ ፊት ጠጠር ይለያል፤ ጭራቅ ሲገድልና ሀብት ሲያገኝ «የልምድ ነጥብ» ይጠራቀምለታል፤ ነጥቡ ሲሞላም ደረጃው ከፍ ይላል። ኮምፒውተር ለእንዲህ ያለው ስሌት የተመቸ ስለሆነ ዘውጉ ብዙ ሳይቆይ ወደዚያ ተሻገረ፤ ቁጥሩም አብሮ ተሻገረ።

የዚህ ሐተታ ጸሐፊ እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን የሚወድና በትርፍ ሰዓቱ የራሱን ለመሥራት የሚጥር ሰው ሲሆን፣ ደቅን የታሪኩ ቦታ እንዲያደርግ ያሰበበት የመጀመሪያ ምክንያት ከዐቅም የመነጨ ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ሰፊ ዓለም ሊሠራ አይችልም፤ ዓለሙን ሲያጠብ ደግሞ ተጫዋቹ ያለ ምክንያት ከቆመ አጥር ጋር ይጋጫል። ደቅ በጣና ሐይቅ ካሉት ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ቢሆንም ስፋቱ 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በእግር የሚዳረስ ነው፤ ድንበሩንም ውኃው ራሱ ያበጅለታል፤ ከዚያ ወዲያ መሄድ የፈለገ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ወይም በሞተር ጀልባ ይሻገራል።

ጥርጣሬ የተነሣው ካርታው ሳይሆን ድርጊቱ ሲታሰብ ነው። በዘውጉ ልማድ ተጫዋቹ ያገኘውን ቤት ሁሉ ገብቶ፣ ሣጥን ከፍቶ፣ ያገኘውን ይወስዳል፤ ባለቤቱም አጠገቡ ቆሞ ምንም አይልም። በደቅ ምዕራባዊ ዳርቻ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ፤ በአጎራባቹ ደሴት ደግሞ እንደ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲል ያሉ ነገሥታት አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። በእነዚህ ቦታዎች ሀብት ማለት ብራናና ንዋየ ቅድሳት ነው፤ ዋጋውም ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ ስለጠበቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተጋዘው ቅርስ እስከ ዛሬ በሚያንገበግበው አንባቢ ፊት፣ ሣጥን ከፍቶ መውሰድን የጀግና ሥራ አድርጎ ማቅረብ ዘረፋን ማስተማር ነው። ታዲያ ግድያውና ዘረፋው ከተነሣ ነጥቡ ከምን ይመጣል? ነጥብ ከሌለስ ጨዋታው የሚና ጨዋታ ሆኖ ይቀራልን?

ለዚህ ጥያቄ ከቀደሙት ሠሪዎች ሁሉ የተሻለ መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1985 «ኡልቲማ 4»ን ያወጣው ሪቻርድ ጋሪየት ይመስላል። በዚያ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የሚገደል ክፉ ጌታ የለም፤ ተጫዋቹ እንደ ሐቀኝነት፣ ርኅራኄና ትሕትና ባሉ ስምንት በጎ ምግባራት መብቃት ይጠበቅበታል። ዕፅ የምትሸጠው ሴት ዐይነ ስውር ስለሆነች ተጫዋቹ ከዋጋው አሳንሶ መክፈል ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ምንም አይደርስበትም፤ ነገር ግን ጨዋታው የሐቀኝነቱን ልክ በስውር ይቀንሰዋል። ይህ እጅግ የሚደነቅ ሥራ ነው። ሆኖም ጥርጣሬውን ጨርሶ አያስወግደውም፤ ምክንያቱም ምሥጢሩን የደረሰበት ተጫዋች ለሴትዮዋ ሲል ሳይሆን ለቁጥሩ ሲል መክፈል ይጀምራል፤ ምግባርም ሌላ ዓይነት የልምድ ነጥብ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ጸሐፊው ወደ አገር ቤት ጨዋታዎች መመለስ ግድ ሆነበት። ልጆች እቃቃ ሲጫወቱ እናት የሆነችው ልጅ እናትነቷ በቁጥር አይለካም፤ እናት የሚያደርጋት ልጅ የሆነው ሲያለቅስ ማባበል፣ እንግዳ የሆነው ሲመጣ ከአፈር የተጋገረውን እንጀራ ማቅረብ ያለባት መሆኑ ነው። በእንቆቅልሽም መልሱን ያላወቀው «አገር ስጠኝ» ሲባል አገር መስጠት ግዴታው ነው፤ ጠያቂው የተሰጠውን አገር አልወድም ብሎ ሌላ ሊያስመርጥ ይችላል፤ በወደደው አገር ሄዶ እንደ ከበረ፣ ተሸናፊው ግን እንደ ተዋረደ ሲያወራ ያኛው ችሎ ይሰማል። የጌታና የምስኪን ሚና ያለ አንዳች መሣሪያ እዚያው ይፈጠራል። ከእነዚህ ሁለቱ የሚገኘው ሐሳብ ሚና የሚሠራው ገጸ ባሕርዩ ከሚችለው ነገር ብዛት ሳይሆን ለሌላው ካለበት ግዴታና ከማይፈቀድለት ነገር ነው የሚል ነው።

ሐሳቡ በደቅ ላይ ሲፈተን ብዙ ነገር ይከፈታል። ለምሳሌ ተጫዋቹ የቆሎ ተማሪ ቢሆን፣ ማለትም ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ዕለታዊ ምግቡን እየለመነ የሚማር የአብነት ተማሪ ቢሆን፣ የሚከፍተው ሣጥን አይኖረውም፤ በየደጁ ቆሞ የሚሰጠውን ይጠብቃል እንጂ። የደረጃውም ነገር ከውጭ መበደር አያስፈልገውም፤ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤት ይሸጋገራል፤ በቅኔ ቤትም ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። ተጫዋቿ ሴት ገጸ ባሕርይ ከመረጠች ደግሞ ካርታው ራሱ ይለወጣል፤ ናርጋ ትገባለች፤ ዳጋ ግን ሴት ስለማይገባበት ከዳርቻው አታልፍም። ብዙ ሠሪዎች ይህን ክልከላ ለጨዋታ ነፃነት ሲሉ ያነሡት ነበር፤ የዚህ ሐተታ ጸሐፊ ግን መጠበቅ እንዳለበት ያምናል፤ ሆኖም ክልከላው ብቻውን ታሪክ አይሆንም። እርሷ ብቻ የምትደርስበት፣ ወንዱ የማይሰማው የታሪክ ክፍል ካልተጻፈላት ሚና ሳይሆን ጉድለት ተሰጣት ማለት ነው።

ንግግሩም እንዲሁ በሚና የታሰረ ነው። በአማርኛ አንድ ሰው ሌላውን ሲጠራ «ና»፣ «ነይ» ወይም «ይምጡ» ከማለት በፊት የሚጠራው ማን እንደሆነ መለየት አለበት፤ የደሴቷ ዓሣ አስጋሪ ለቆሎ ተማሪው፣ ለየኔታና ለእማሆይ አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ሊናገር አይችልም። ለሠሪው ይህ አንዱን ቃለ ምልልስ ሦስትና አራት ጊዜ መጻፍ ማለት ነው። አድካሚ ቢሆንም ምንም ነጥብ የማይሰጠውን ነገር ይሰጣል፤ ትናንት «አንተ» ይሉት የነበረውን ተማሪ ቅኔ ከተቀኘ በኋላ «እርስዎ» ሲሉት፣ ማደጉን ተጫዋቹ ከሰዎቹ አንደበት ይሰማዋል።

የቀረው ትልቅ ጥርጣሬ የኮምፒውተሩ ነው። ተማሪው ያቀረበው ቅኔ ወርቁ ከሰሙ መስማማቱን የሚፈርደው የኔታ ነው፤ በተለመደው መንገድ የተሠራ የኮምፒውተር ጨዋታ ግን አስቀድሞ ከተጻፈለት መልስ ውጪ የመጣውን አዲስ ነገር እንደ መምህር ሊዳኝ አይችልም፤ በእንቆቅልሹ የተሰጠውን አገር ወድዶ ወይም ንቆ ሊመልስም አይችልም። የቁጥሩ መብዛትም ከዚሁ የመጣ ይመስላል፤ መፍረድ ያልቻለ መሣሪያ ይቆጥራል። አፍሪካውያን ሠሪዎች የራሳቸውን ታሪክ በዘውጉ መሥራት እንደሚችሉ የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው «ኦሪዮን» አሳይቷል፤ በዚያም ንጉሡ ከንግሥቱ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ ኃይሉም ከአባቶች ውርስ ይመነጫል። ሆኖም ዋናው ድርጊቱ ውጊያ ስለሆነ የፍርዱን ጥያቄ አይፈታውም። በአገራችን ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» የሩጫ ጨዋታ ስለሆነ ይህ ጥያቄ አይነሣበትም።

በዚህ ምክንያት የደቁ ጨዋታ መጀመሪያ በወረቀት፣ አጫዋች ሆኖ የሚፈርድ ሰው ባለበት፣ በጠረጴዛ ዙሪያ እንዲሠራ ጸሐፊው ወስኗል፤ የኔታን የሚወክለውም አጫዋቹ ይሆናል፤ ቢቻል ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ወደ ኮምፒውተር የሚሻገረው ካርታው፣ የታንኳው መንገድና በየሰው ማዕርግ የተጻፈው ንግግር ነው። ያልተቋጨው ጉዳይ የመቅደሱ ነው፤ ተጫዋቹ ዲያቆን የመሆን ደረጃ ላይ ቢደርስ በሕጉ መሠረት ወደ መቅደስ ይገባል፤ ጨዋታውን ይዞ በየቤቱ የተቀመጠው ሰው ግን ዲያቆን አይደለም። ጸሐፊው ለአሁኑ ውስጡን ላለመሣል መርጧል፤ ከመጋረጃው በመለስ ያለው ምን ያህል ሊታይ እንደሚገባ ግን የደሴቶቹን አባቶች ሳይጠይቅ አንድም ሥዕል አይሥልም።