ስንቆጥር የምንዘላቸው አባቶችና እናቶች

በደባርቅ ይሁን በዳባት፣ ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች በሚያወጣው መንገድ በአምባራስ፣ ከሽማግሌ አጠገብ ተቀምጦ «የማን ልጅ ነህ?» ያልተባለ ሰው አይገኝም። ጥያቄው የሚሻው አንድ ስም ብቻ አይደለም፤ አባትን፣ አያትን፣ ቅድመ አያትን ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ሕዝባችን የዘር ቆጠራን እንደ ቀላል ነገር አይቶት አያውቅም።

አበው የሚቆጥሩት በሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛው ጋብቻ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ያልተራራቀ አይጋባምና። ሁለተኛው ርስት ነው። በሰሜንና በበጌምድር ርስት ይገባኛል የሚል ሰው፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለዱን ማስረዳት ነበረበት። ይህ ሁለተኛው ምክንያት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ አበቃ።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ለጥቅም ሲባል የተቆጠረ ዘር ሁሉን ቆጥሮአልን? አልቆጠረም። ቆጠራው ርስት የሚያስገኘውን ስም አጥብቆ ያዘ፤ የማያስገኘውን ዘለለ። በ1934 ዓ.ም. ባርነት በዐዋጅ ከመከልከሉ በፊት በሰው ቤት በባርነት የኖረች እናት፣ የልጅ ልጆቿ ዘር ሲቆጥሩ ስሟ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋም እንደዚሁ ናቸው።

ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት የቅድመ አያቱን ስም ፍለጋ ወደ እኛ መጥቶ ነበር። መዝገቡን ስንገልጥ ያገኘነው የክርስትና ስሟን ብቻ ነው፤ የአባቷ ስም የሚጻፍበት ስፍራ ባዶ ነበር። የቤተ ሰቡ ሽማግሌ ሲጠየቁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ከሩቅ የመጣች ናት፤ ተዋት ልጄ» አሉ። ነገሩ ለሁላችንም ገባን። ወጣቱ ግን አልተዋትም፤ በጸሎት እንድናስባት ለመነን።

በሌላ ሀገር የሆነውንም እንመልከት። በአየርላንድ፣ በደብሊን የሚገኘው የሕዝብ መዛግብት ቤት በ1922 እ.ኤ.አ. ሲቃጠል፣ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች መዛግብት ከጥቂቶች በቀር ጠፉ። በየቁምስናው ተጠብቀው የነበሩት የካቶሊካውያን የጥምቀት መዛግብት ግን ተረፉ። በ1845 እ.ኤ.አ. ከጀመረው ታላቅ ረኃብ ሸሽተው ባሕር የተሻገሩት ድኾች ልጆች፣ ዛሬ የአባቶቻቸውን ስም የሚፈልጉት በእነዚህ መዛግብት ውስጥ ነው። መሬት ያልነበረው ሰው በመሬት መዝገብ አይገኝም፤ በጥምቀት መዝገብ ግን ከባለ መሬቱ ጎን ተጽፎ ይገኛል።

በሀገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ ቢደነግግም፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ለተወለዱት ብዙዎች የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ብቸኛው ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የቤተ ሰብ መጠሪያ በሌለበት ሀገር «ወለተ ማርያም» ብቻ ተብላ የተጻፈች ሴት ከሌሎች መቶ ወለተ ማርያሞች አትለይም።

መዝገቡ የተሸሸገ ነገር ሲገልጥስ ምን እናድርግ? ለማያገባው ሰው ገመናን ማውጣት ሐሜት ነው፤ ለልጅ ልጅ ግን እናቱን መደበቅ ግፍ ነው። በርኅራኄ ይነገረው። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና የኦርዮንን ሚስት አልዘለላቸውም። በእነርሱ ያላፈረውን ጌታ የምንከተል እኛ፣ በገዛ እናቶቻችን ልናፍር አይገባንም።

ስለዚህ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ የተጠማቂን ስም ለመዝገብ ስታቀርቡ የክርስትናውን ስም ከዓለሙ ስም ጋር፣ የእናትንም ስም ከነአባቷ፣ መንደሩንና ቀኑን አሟልታችሁ አቅርቡ። እናቲቱ ድኻ ወይም እንግዳ ብትሆንም ስፍራዋን ባዶ አትተዉ። ገና ያልተወለደ ልጅ አንድ ቀን መጥቶ ይፈልጋታልና።