ወለሉ ለማን ነው?

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ የግንባታ ዕቃ መደብር አለኝ። ከዚያ በፊት ወለል አንጣፊ ነበርኩ፤ ጉልበቴ እንቢ ሲለኝ ነው ወደ ንግዱ የገባሁት። ስለዚህ ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ለመግዛት ብቻ ሳይሆን ለመማከርም ነው። ሴራሚክ ይሻለኛል ወይስ ሊሾ? ጣውላው ሲረገጥ ይንቋቋል፣ ልንቀለው ወይስ ላስጠግነው? ልስኑ ክረምት በወጣ ቁጥር የሚረግፈው ለምንድን ነው? ለእነዚህ መልስ አላጣም። ከዋጋው በኋላ የምትመጣዋ ጥያቄ ግን ትከብዳለች። በተለይ እናቶች ሒሳቡን ሰምተው ጥቂት ዝም ይሉና «ለሚያልፍ ዓለም ይህን ያህል ማውጣት ደግ ነው ትላለህ?» ይሉኛል።

ይህች ጥያቄ ዋጋ ለማስቀነስ የምትጠየቅ አይደለችም። ጎንደር የ44ቱ ታቦት ከተማ ናት፤ እዚህ ብዙ ሰው ኪዳን ሳያደርስ ሱቁን አይከፍትም። ወደ ሰሜን ሲኬድ ደግሞ ዋልድባ አለ። ቤት ንብረት የሚባለውን ጥለው፣ ቋርፍ እየቀመሱ የሚኖሩ አባቶች ገዳም ነው። የእነሱን ኑሮ የሰማ ሰው ለሳሎኑ ወለል ብር ሲቆጥር ልቡ ሁለት ቦታ ቢከፈል አይፈረድበትም። ሆኖም መናኙ ቤቱን ጥሎ ሄዷል፤ ባለ ትዳሩ ግን ቤት እንዲጠብቅ ተሰጥቶታል። በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ እየሳሉበት «ዓለም ኃላፊ ነው» ብሎ የሚተኛ አባወራ፣ እንደ እኔ እምነት፣ የናቀው ዓለምን ሳይሆን ልጆቹን ነው።

ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝ። ከኦሪት መጻሕፍት ለሙያዬ የሚቀርበኝ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ነው። ምዕራፉ ስለ ለምጽ እንደሚናገር ብዙ ሰው ያውቃል፤ ለምጹ በቤት ግድግዳም እንደሚወጣ ሲሰማ ግን ይገረማል። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ታየ እንበል፤ ጎድጎድ ያለ። ባለቤቱ ራሱ ተነሥቶ ወደ ካህኑ ይሄድና ደዌ የሚመስል ነገር በቤቴ አየሁ ይላል። ካህኑ ከመግባቱ በፊት ዕቃው በሙሉ እንዲወጣ ያዛል፤ ቤቱ ርኩስ ቢባል ዕቃው አብሮ እንዳይረክስ። አይቶም ሰባት ቀን ይዘጋዋል። ምልክቱ ሰፍቶ ከተገኘ የታመሙት ድንጋዮች ይነቀላሉ፣ ግድግዳው ከውስጥ ዙሪያውን ይፋቃል፣ ፍቃፊው ከከተማ ውጭ ይጣላል፤ ከዚያ በሌላ ድንጋይ ይተካል፣ በሌላ ጭቃ ይመረጋል። ደዌው ከተመለሰ ቤቱ ይፈርሳል። ከዳነ ደግሞ ከለምጹ እንደነጻ ሰው በወፍ ደም፣ በዝግባ እንጨትና በሂሶጵ ይነጻል።

ሊቃውንቱ ይህን ስለ ነፍስ ያመሠጥሩታል፤ በእነሱ ትርጓሜ ላይ የምጨምረው የለኝም። እኔን የሚይዘኝ ንባቡ ራሱ ነው። በሲና በረሃ ለሙሴ ሕግ የሰጠ እግዚአብሔር ስለ ግድግዳ ደዌ ለመናገር ጊዜ ሰጠ። ያውም ለድንኳን ነዋሪዎች፣ ገና ላልገቡበት አገር ቤት! ቤት ከንቱ ነገር ቢሆን ኖሮ ካህንን ያህል አገልጋይ ግድግዳ እንዲመረምር ባላዘዘ ነበር። ጎንደርን ካነጹት ግንበኞች መካከል ኦሪትን አጥብቀው የሚጠብቁት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩበት፤ ይህን ምዕራፍ እያወቁ ድንጋይ ሲደረድሩ ምን ያስቡ እንደነበር ብጠይቃቸው ደስ ባለኝ።

ምዕራፉን ይበልጥ የተረዳሁት በአንዲት የሰፈራችን እናት ቤት ነው። የሚካኤል ማኅበርተኛ ናቸው። ማኅበሩ በየወሩ በ12 በተራ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ዘንድሮ ለእሳቸው የደረሰው ኅዳር 12፣ የዓመቱ ትልቁ ሚካኤል ነበር። መስከረም ላይ መጡና «ልጄ፣ ሴራሚክ ስጠኝ፤ ገንዘቡን ቀስ እያልኩ እከፍልሃለሁ። የሰው ፊት አያሳፍረኝ» አሉኝ። የእሳቸው ወለል አፈር ነው፤ በእበት ይለቀልቁታል፣ ላዩ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ዘርግተውበታል። «እትዬ፣ መጀመሪያ ቤቱን ልየው» ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ።

ምንጣፉን ስገልጠው ሽታው ቀድሞ መጣ። በጓሮው ግድግዳ በኩል አፈሩ ጠቁሮ ጣት ያስገባል። ግድግዳው የድንጋይና የጭቃ ነው፤ ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ሰው ከታች እስከ ክንድ ከፍታ በሲሚንቶ ለስኖላቸዋል። በጣቴ መገጣጠሚያ ቆረቆርኩት፤ ባዶ ባዶ ይላል። በቢላ ጫፍ ሳነሣው እንደ ሰሃን የሚያህል ልስን ተላቀቀ፤ ከኋላው ነጭ ጨው የመሰለ ነገርና ርጥብ ጭቃ። ወደ ውጭ ወጣሁ። ጣሪያው አሸንዳ የለውም። ክረምቱን ሙሉ ቆርቆሮው ያፈሰሰው ውሃ ግድግዳው ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ እዚያው ሲሰርግ ከርሟል።

እዚህ ላይ ሴራሚክ ቢነጠፍ ምን እንደሚሆን ማንም አንጣፊ ያውቃል። እርጥበቱ ወደ ላይ መውጫ ሲያጣ ወደ ግድግዳው ይሄዳል፤ ወለሉ ያብለጨልጫል፣ ቤቱ ይበሰብሳል። ሲሚንቶውም እንደዚያው ነው። የጭቃ ግድግዳ ውሃ ቢጠጣም መልሶ ይተፋዋል፤ ደረቅ ሲሚንቶ ከታሸገበት ግን ውስጡ ይዞት ይቀመጣል። ይህን ለማየት ከፒያሳ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ግድም የቆረቆሩት ከተማ ግንቦች በኖራ የተያያዙ ናቸው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሲሚንቶና በኮንክሪት ጠገኗቸው፤ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ያ ለግንቡ እንደማይስማማ አይተው ወደ ኖራው መለሱት። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ የነገሥታት ግንብ በማይስማማው ልስን ከተጎዳ የእትዬ ቤትማ እንዴት ይሆናል?

የንስሐ አባታቸውም በዚያው ሰሞን ጠበል ሊረጩ መጥተው ነበር። ነገሩን ነገርኳቸው። «ሽፍንፍኑ ይቅር፤ ሚካኤል የሚመጣው ወለል ሊያይ አይደለም» አሉ። እኔ ደግሞ የሚበልጠው ገንዘብ ወደማይታየው ቦታ መሄድ አለበት አልኩ፦ አሸንዳው፣ ከግድግዳው ውሃ የሚያርቀው ቦይ፣ የረጠበውን አፈር ማውጣት፣ ድንጋይ መደልደል። ሊሾው ጥር ላይ፣ አፈሩ ሲደርቅ። የኅዳሩ ማኅበር ተጠቅጥቆ በተስተካከለ አፈር ላይ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጽዋው ተጠጣ። ማንም ወደ ታች አላየም፤ ቢያይም ምንም አልጎደለም።

ይህን ስል ግን ሐፍረታቸውን አላቃልልም። ማኅበር በተራ የሚዞር ነገር ነው፤ ተራው የደረሰው ሰው ቤቱን ከፍቶ ያሳያል። ቤታቸው እንዳይታይ ብለው ማኅበር የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። ወለሉ ሰውን ከጽዋው የሚያስቀር ከሆነ እሱን ማሠራት ከንቱ ውዳሴ አይደለም፤ የማኅበሩ ሥራ ነው ባይ ነኝ። ማኅበርተኞቹ አዋጥተው ቢያሠሩላቸው ደግሞ የበለጠ ነው።

ከዚህ በተቃራኒው ያለውም ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ገንዘብ ያለው ሰው መስታወት የሚመስል ሴራሚክ ያስነጥፍና ቤቱን ለራሱም ይዘጋዋል። መገጣጠሚያውን ያቆሽሻል ተብሎ ቄጠማ አይጎዘጎዝም። ቡና ሳሎን አይፈላም። ከዳባት የመጣ የገጠር ዘመድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጫማህን አውልቅ ይባላል፤ የተሰነጠቀ እግሩን ሰው ፊት ለማሳየት ያፍርና «እዚሁ በረንዳው ላይ ልቀመጥ» ይላል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ የምናወልቀው ሙሴ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት እንዳወለቀ፣ ለእግዚአብሔር ክብር ነው። ሳሎናችን ያን ክብር የጠየቀ ቀን አንድ ነገር ተበላሽቷል። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል ወለሉ አፈር ነበር፤ አቧራ የለበሰ እግራቸውን አይቶ ውሃ ይምጣላችሁ አለ እንጂ ደጅ አላስቆማቸውም። የተቀበለው ሥላሴን እንደነበር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ሥር ያደግን የጎንደር ልጆች እናውቃለን።

ሌላም ክርክር አለ። ነቢዩ ሐጌ የጌታ ቤት ፈርሶ ሳለ ባማረ ቤት የሚኖሩትን ሕዝብ ይወቅሳል። ብዙ ሰው ይህን ይዞ «ደብሩ ሳይታደስ የእኔን ወለል?» ይላል፤ ደግ አሳብ ነው። ነገር ግን ዮሐንስ አፈወርቅ ማቴዎስን ሲተረጉም፣ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአንጾኪያ፣ ነገሩን በሌላ በኩል አንሥቶታል፦ ክርስቶስ ማደሪያ አጥቶ በእንግዳ አምሳል ሲንከራተት ሳይቀበሉት ወለልና ግድግዳ፣ የዓምድም ጉልላት የሚያስጌጡ ምን ይጠቀማሉ ይላል። ይህን ያለው ስለ ቤተ ክርስቲያን ጌጥ ነው፤ ጌጡንም አልከለከለም፣ ድኻውን አስቀድሙ አለ እንጂ። ሰሎሞንም የቤተ መቅደሱን ወለል በጥድ ሳንቃ ከድኖ በወርቅ ለብጦታል። ስለዚህ ለቤተ መቅደስ እንኳ ቅድሚያው ለእንግዳው ከሆነ ለእኔ ሳሎን ሌላ ሕግ ሊኖር አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፒያሳ ውስጥ ብዙ ሰው የሚኖረው በራሱ ቤት አይደለም። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ለመንግሥት ካደረገ ወዲህ ስንቱ በቀበሌ ቤት ተወልዶ እዚያው ሸመገለ። እነዚህ ሰዎች «የሰው ቤት ምን አሠራዋለሁ» ሲሉኝ ነገሩ ይገባኛል፤ ነገ ውጣ ቢባሉ ወለሉን ይዘውት አይሄዱም። ግን እኮ ባለ ካርታውም ይዞት አይሄድም። አብልጬ የማከብራቸው ነገ የማን እንደሚሆን በማያውቁት ቤት አሸንዳ የሚሰቅሉትን፣ ከእነሱ በኋላ ለሚገባው የማያውቁት ቤተሰብ ደረቅ ግድግዳ ትተው የሚያልፉትን ነው። ምጽዋት ብለው አይጠሩትም፤ እኔ ግን ምጽዋት እለዋለሁ።

ቤት ለማሳደስ ያሰባችሁ የከተማዬ ሰዎች፣ ወደ እኔም ሆነ ወደ ሌላ መደብር ከመምጣታችሁ በፊት ዕቃችሁን አውጡና ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን እዩት። ከውጭ ዞራችሁ ውሃው የት እንደሚወድቅ ተመልከቱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ለወለል ሥራ ይበቃል፤ ክረምት ደጃፍ ላይ ሲደርስ አትጣደፉ። ሴራሚክ ከገዛችሁ ሻከር ያለውን ግዙ፤ ልሙጡ ለአሮጊት እናታችሁ አደጋ ነው፣ የሚሰግድ ሰው እግርም ያንሸራትታል። ገንዘቡ ካልበቃ ሊሾ ይበቃል። ሲያልቅ ደግሞ ማኅበሩን ጥሩ፤ ዘመዳችሁንም ከነጫማው አስገቡት።