የቤትና የሱቅ ሒሳብ በእግዚአብሔር ፊት



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሉቃስ ወንጌል ግንብ ለመሥራት ስላሰበ ሰው ይነግረናል። ይህ ሰው መሠረት ከመጣሉ አስቀድሞ ተቀምጦ፣ በእጁ ያለው ገንዘብ ሥራውን ለመፈጸም ይበቃ እንደ ሆነ ማስላት ይገባዋል፤ ሳያሰላ ቢጀምር ግን ሥራው በጅምር ቀርቶ የሚያዩት ሁሉ ይዘብቱበታል (ሉቃ. 14፥28-30)። ጌታችን ይህን ምሳሌ የተናገረው እርሱን መከተል የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማስረዳት እንጂ የገንዘብ አያያዝ ለማስተማር አይደለም። ሆኖም ምሳሌውን ከዕለት ኑሮ የወሰደው፣ ወጪን አስቀድሞ ማስላት የአስተዋይ ሰው ተግባር መሆኑን አድማጮቹ ሁሉ ያውቁት ስለ ነበረ ነው። እኛም ከዚያው የዕለት ኑሮ ተነሥተን ስለ ቤትና ስለ ሱቅ የገቢና የወጪ ዕቅድ፣ ማለትም በጀት ስለምንለው ነገር፣ ጥቂት እንመለከታለን።

«ይህ የነጋዴና የሒሳብ ሠራተኛ ጉዳይ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ዛሬ ሁላችን የምንናገረው «ኢኮኖሚ» የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ትርጕሙ የቤት አስተዳደር ማለት ነው። በወንጌላችን «መጋቢ» ተብሎ የተተረጐመው ቃልም የወጣው ከዚሁ ሥር ነው (ሉቃ. 16፥1)። መጋቢ የራሱ ያልሆነውን ንብረት በዐደራ ተቀብሎ፣ ለማን ምን እንደ ሰጠ በመጨረሻ የሚጠየቅ ሰው ነው። እንግዲህ ክርስቲያን ደመወዙን ወይም የሱቁን ሽያጭ ሲቈጥር የዐደራ ሒሳቡን እያዘጋጀ መሆኑን ይወቅ።

በፒያሳና በአካባቢዋ ለምንኖር ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። አራዳ ከጥንት የገበያ ስፍራ ነበረች፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ፣ የተዛወረው በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ከዚያም በኋላ ወርቅ ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ኬክ ቤቱና መጻሕፍት ሻጩ ኑሮአቸውን በዚሁ መሥርተው ኖረዋል። በ2016 ዓ.ም. ግን ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ ደርሰው የብዙ ቤቶችን ሒሳብ ለወጡ። በዓመቱ አጋማሽ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ የቆዩ መንደሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው በከተማዪቱ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ሄዱ። ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ይህ በአንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያስከትል በምሳሌ እንመልከት። ቀድሞ ወደ ሥራቸው በእግር ይሄዱ የነበሩ ባልና ሚስት አሁን ከከተማው ዳር እየተመላለሱ ይሠራሉ እንበል። ለመሄጃና ለመመለሻ እያንዳንዳቸው በቀን 40 ብር ቢያወጡ፣ ለሁለቱ 80 ብር፣ በ25 የሥራ ቀናት 2,000 ብር ይሆናል። ይህ ወጪ ከዚህ በፊት በዚያ ቤት አልነበረም፤ ደመወዙ ግን ያው ነው። ወር ሳይሞላ ገንዘቡ ሲያልቅ ባል ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን «የት አደረስኸው? የት አደረስሽው?» ይባባላሉ። ጠቡ የመጣው ከሁለቱ በአንዱ አባካኝነት ሳይሆን ሁለቱም ተቀምጠው ካላዩት ቍጥር ነው። ብዙ ትዳር የሚናጋው በእንዲህ ያለው ያልተጻፈ ቍጥር መሆኑን እረኞች ሁሉ እናውቃለን።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባናል። የድኻ ችግር ሁሉ ከሒሳብ ጉድለት የመጣ ነው አንልም፤ እንዲህ ማለት በቍስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባስተላለፉት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው ዓዋዲ መልእክታቸው፣ ሠራተኛ ራሱንና ቤተ ሰቡን የሚያኖር ደመወዝ ሊከፈለው እንደሚገባ፣ ቈጥቦም ጥቂት ጥሪት ለማበጀት የሚችለው ይህ ሲሆን እንደ ሆነ አስተምረዋል። ከእጅ ወደ አፍ የሆነን ኑሮ ደብተር ብቻውን አያሰፋውም። ነገር ግን ያለችው ጥቂት ገንዘብ ለማን አስቀድማ መድረስ እንዳለባት ያሳየናል፤ በችግር ጊዜም ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንጻፍ። ዕቅድ ከማውጣታችን በፊት አንድ ወር ሙሉ የገባውንና የወጣውን፣ የታክሲውንም የሻይውንም ሳይቀር፣ በየማታው በደብተር እናስፍር። የሁለትዮሽ ሒሳብ አያያዝን በመጀመሪያ በታተመ መጽሐፍ ያብራሩት የፍራንቸስካውያን ማኅበር መነኵሴ አባ ሉካ ፓቾሊ መሆናቸውን ብዙዎች አያውቁም። መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ የታተመ ሲሆን፣ ነጋዴው መዝገቡን በእግዚአብሔር ስም እንዲጀምር ይመክራሉ። በእግዚአብሔር ስም የተጀመረ መዝገብ ሐሰት ሊጻፍበት አይገባም። የተሰወረ ዕዳ፣ የተደበቀ ደመወዝ፣ «ለእናትህ አትንገር» ተብሎ የወጣ ገንዘብ በዚያ ደብተር ቦታ የላቸውም። ባልና ሚስት በአንድ ገበታ እንደሚበሉ ሁሉ በአንድ ደብተር ይቍጠሩ።

ሁለተኛ፣ የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ እንለይ። ከሱቁ መሳቢያ ለአስቤዛ እያነሡ መውሰድ የብዙ ትንንሽ ንግዶች መጥፊያ ነው። ባለሱቁ ለራሱም በወር የተወሰነ ደመወዝ ቈርጦ ከዚያ በላይ አይንካ። በተለይ ዋጋ በሚንርበት በዚህ ጊዜ ትርፍን በጥንቃቄ ማስላት ያስፈልጋል። በ1,000 ብር የገዛውን ዕቃ በ1,300 ብር የሸጠ ነጋዴ 300 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ያንኑ ዕቃ መልሶ ለመግዛት 1,400 ብር የሚጠየቅ ከሆነ ግን ትርፍ ብሎ የበላው ከዋናው ገንዘቡ ነው፤ ሱቁን ለመሙላት ገና 100 ብር ይጐድለዋል። ስለዚህ ዕቃው ስንት እንደ ተገዛ ብቻ ሳይሆን ነገ በስንት እንደሚተካ ይጠይቅ። ይህ ማለት ግን የሰውን ችግር እያዩ ዋጋ መቈለልና ዕቃ መደበቅ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ትርፍ ሕሊናም ቤተ ክርስቲያንም ይኰንኑታል።

ሦስተኛ፣ የወጪውን ቅደም ተከተል በፍትሕ እናውጣ። ከዕለት እንጀራና ከቤት ኪራይ ጋር በመጀመሪያው መስመር መጻፍ ያለበት የሰው ገንዘብ ነው፤ ይኸውም ዕዳና የሠራተኛ ደመወዝ ነው። በቤታችን የምታገለግለው ልጅ ወይም በሱቃችን የሚላላከው ወጣት ደመወዝ «ሲተርፍ ይሰጣል» ተብሎ በመጨረሻ የሚጻፍ አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ የተቀማ የሠራተኛ ዋጋ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያስጠነቅቀናል (ያዕ. 5፥4)። በተበደርነው ገንዘብ ምጽዋት ብንሰጥ፣ ባልከፈልነው ደመወዝ ድግስ ብንደግስ፣ ቸርነቱ የእኛ አይደለም።

አራተኛ፣ በየዓመቱ የሚመጣውን ወጪ እንደ ድንገተኛ አንቍጠረው። መስከረም በየዓመቱ ይመጣል፤ ከነደብተሩ፣ ከነደንብ ልብሱ፣ ከነበዓሉ። ለልጆች ትምህርት 6,000 ብር የሚያስፈልገው ቤት በየወሩ 500 ብር ቢያኖር በጳጕሜን ለብድር በር አያንኳኳም። ዮሴፍ በግብፅ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ በጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ እያኖረ ለራብ ዓመታት ተዘጋጀ (ዘፍ. 41፥34-36)። ነጋዴም በበዓላት ሰሞን የደራውን ገበያ ለቀዝቃዛው ወር ያስብ። ሠርግንና ተዝካርን በሚመለከትም፣ የአንድ ቀን ድግስ የሦስት ዓመት ዕዳ እንዳያስከትል መካሪ ሽማግሌዎችና ካህናት በድፍረት መናገር አለብን።

አምስተኛ፣ ዕቁብንና ዕድርን በየቦታቸው እናስቀምጥ። በዕቁብ የመጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን እንደ ሲሳይ ያየዋል፤ በእውነቱ ግን ያለ ወለድ የተሰጠው የባልንጀሮቹ ብድር ነው፤ ገና ብዙ ጊዜ ይጥላል። የመጨረሻውን ዕጣ የሚወስደው ደግሞ ቈጣቢ ነው፤ ዋጋ እየናረ ሲሄድ ገንዘቡ የመግዛት ኃይሉን እንደሚያጣም ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህ ዕጣው ሳይወጣ ለምን እንደሚውል በደብተር ይጻፍ፤ ያልታሰበለት ዕቁብ በሳምንት ውስጥ ይተናል። ዕድር ግን ከዚህ ይለያል። ብዙዎች ከሰፈራቸው ሲነሡ፣ የታክሲው ወጪም ሲበዛ፣ በመጀመሪያ የሚሰርዙት የዕድሩን መዋጮ ነው። እኛ ግን እንዲህ እንመክራለን፤ ኑሮ ሲጠብ ከመዝገቡ መጨረሻ የሚወጡት ዕድርና ምጽዋት ይሁኑ። አዲስ ሰፈር የገባ ሰው ሐዘን ቢደርስበት ድንኳን የሚተክልለት፣ አብሮት የሚያለቅስ፣ አስከሬን የሚሸኝለት የቀድሞው ዕድርተኛ ነው። ይህን በሒሳብ ብቻ የለካ ሰው ትርፉን አያየውም። ጌታችንም በቤተ መቅደስ የድኻዪቱን መበለት ስጦታ ያከበረው ከጕድለቷ ስለ ሰጠች ነው (ማር. 12፥41-44)።

በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ወርቁ ሲሞረድ የሚረግፈውን ብናኝ አይጥሉትም፤ ጠርገው ሰብስበው እንደ ገና ያቀልጡታል። ጌታችን አምስት ሺሕ ሰዎችን ከመገበ በኋላ አንዳች እንዳይጠፋ ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ አዟል (ዮሐ. 6፥12)። ተአምር ማድረግ የሚቻለው ጌታ ፍርፋሪውን ካልናቀ እኛ የእጃችንን ሳንቲም መናቅ አይገባንም። ነገር ግን የሰበሰበው ለመሰሰት አይደለም፤ ብዙ ሰው ከጠገበ በኋላ ነው። ጐተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ ያሰበው ባለጠጋ ሒሳቡን አሳምሮ ቢያውቅም፣ በሒሳቡ ውስጥ ከራሱ በቀር ሌላ ሰው ስላልነበረ ሰነፍ ተባለ (ሉቃ. 12፥16-21)። ያልቈጠረውና ለራሱ ብቻ የቈጠረው ሁለቱም ዐደራቸውን አጕድለዋል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ለጋብቻ የሚዘጋጁትን ስታስተምሩ አንዱን ጊዜ ለዚህ ጉዳይ መድቡ። ሙሽሮቹ ከሠርጋቸው በፊት ገቢያቸውን፣ ዕዳቸውንና ለወላጆቻቸው የሚረዱትን በግልጽ ተነጋግረው፣ የመጀመሪያውን ወር ዕቅድ አብረው ይጻፉ። በየቍምስናውም ሒሳብ የሚያውቁ ምእመናን በወር አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠው፣ መጻፍ ለማይችሉ እናቶችና ለትንንሽ ነጋዴዎች ቢያግዙ፣ ይህ እውነተኛ የምሕረት ሥራ ነው። ምስጢር መጠበቅ ግን የዚህ አገልግሎት መሠረት ይሁን፤ የሰው ድኽነት ወሬ ሊሆን አይገባውምና።

በናዝሬት ቤት በእጁ ሥራ ቤተ ሰቡን ያኖረ ቅዱስ ዮሴፍ፣ በቃና ሠርግ የወይን ጠጁን ማለቅ ከሁሉ አስቀድማ ያስተዋለች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም፣ ስለ ቤቶቻችን ይማልዱልን። እግዚአብሔር አምላካችን ጥቂቱን ይባርክልን፤ የታመንን መጋቢዎችም ያድርገን፤ አሜን።